የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከጅማ ወደ ጠፈር አፋፍ የሚላክ ፊኛ

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከሳይንስ ክበባችን ተማሪዎች ጋር ካሜራና የሙቀት መለኪያ የተሸከመ ፊኛ እስከ 30 ኪሎ ሜትር ከፍታ ለመላክ አስበናል። በእጃችን ያለው መመሪያ እንግሊዝ አገር ለሚኖሩ ጀማሪዎች የተዘጋጀ ነው። እንዳለ ብንከተለው ያስኬደናል? ከሂሊየም ይልቅስ ሃይድሮጅን ራሳችን አዘጋጅተን ብንጠቀም ወጪው አይቀንስልንም?

መልስ፦ መምህር፣ መመሪያው በመሠረቱ ትክክል እንደሚሆን አንጠራጠርም፤ ሆኖም በባሕር ወለል አጠገብ ለሚኖር ሰው የተጻፈ በመሆኑ፣ ቁጥሮቹን ለጅማ እንደገና ሳያሰሉ ፊኛውን እንዳይለቁት እንመክራለን።

ከጋዙ እንጀምር። 1,200 ግራም የሚመዝን የላቴክስ ፊኛ፣ ጭነቱን ቀስ አድርጎ ከሚያወርደው ጃንጥላ (ፓራሹት) ጋር 1 ኪሎ ግራም የሚሆን ጭነት ይዞ በሰከንድ 5 ሜትር ያህል እንዲወጣ ከተፈለገ፣ ጋዙ በአጠቃላይ 3.4 ኪሎ ግራም ገደማ ማንሳት አለበት። ለዚህም በባሕር ወለል ላይ 3.3 ሜትር ኩብ ያህል ሂሊየም ይበቃል። ጅማ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝና አየሯ ስስ ስለሆነ፣ እዚያ አንድ ሜትር ኩብ ሂሊየም የሚያነሳው ከ0.84 ኪሎ ግራም ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ የሚያስፈልግዎ 4 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። የጋዙ ክብደት ያው ሆኖ ሳለ የሚይዘው ቦታ ሰፋ ማለቱ ነው። የፊኛውን ስፋት በሜትር እየለካ የመመሪያው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጋዙን የሚዘጋ ሰው ሳያውቀው ጋዝ ያሳንሳል፤ በቂ ጋዝ ያላገኘ ፊኛ ደግሞ በዝግታ ስለሚወጣ በነፋስ እጅግ ርቆ ይሄዳል፤ ባስ ሲልም ሳይፈነዳ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ስፋቱን ትተው በፊኛው አንገት ላይ የሚንጠለጠል ሚዛን ያስሩ፤ ሚዛኑ ወደ ላይ 2.2 ኪሎ ግራም ያህል (ከ3.4ቱ ላይ የፊኛው የራሱ ክብደት 1.2 ተቀንሶ) ሲሳብ ጋዙ በቂ ነው።

ፊኛው ሲለቀቅ ስፋቱ 2 ሜትር ገደማ ነው። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የውጭው ግፊት እየቀነሰ ስለሚሄድ ይለጠጣል፤ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ሲደርስ ስፋቱ ከ8 ሜትር አልፎ ይፈነዳል። መውጣቱ 100 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ከፈነዳ በኋላ ጃንጥላው ወዲያው ቢከፈትም የሚይዘው አየር የለም ማለት ይቻላልና ጭነቱ መጀመሪያ ላይ እጅግ በፍጥነት ይወርዳል፤ የሚረጋጋው ዝቅ እያለ ሲመጣ ነው።

አሁን መመሪያው ጨርሶ የማያነሳው ወደሚመስለን ወደ ቅዝቃዜው እንሂድ። በእንግሊዝ ሰማይ ላይ አየሩ ከፍታ በጨመረ ቁጥር መቀዝቀዙን የሚያቆመው 11 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ሙቀቱም ከዜሮ በታች 55 ወይም 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ከምድር ወገብ ብዙም በማይርቁ እንደ ጅማ ባሉ ቦታዎች ግን ከምድር የሚነሣው ሞቃት አየር ይህን ድንበር ወደ 16 ወይም 17 ኪሎ ሜትር ስለሚገፋው፣ አየሩ እስከዚያ ድረስ መቀዝቀዙን ይቀጥልና ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል። በሌላ አነጋገር፣ ፀሐይ የምትበረታበት አገር ሰማይ በዚያ ከፍታ ከአውሮፓ ሰማይ ይልቅ ይቀዘቅዛል። ተራ የአልካላይን ባትሪ በዚህ ቅዝቃዜ ስለሚሞት፣ የማይሞላውን ዓይነት የሊቲየም ባትሪ ይጠቀሙ፤ ሳጥኑም ከወፍራም ነጭ ፎም ይሠራ። የመድኃኒት ማቀዝቀዣ ሆኖ ያገለገለ የፎም ሳጥን ካገኙ ከዚያ የተሻለ ነገር አይፈልጉ።

ከዚያ ድንበር በላይ ኦዞን የፀሐይን አልትራ ቫዮሌት ጨረር ስለሚውጥ አየሩ መልሶ መሞቅ ይጀምራል። ፈረንሳዊው ሊዮን ቴስረን ደ ቦር ሰው አልባ ፊኛዎችን ደጋግሞ ልኮ ይህን የሰማይ ክፍል ለዓለም ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1902 ነበር። ተማሪዎችዎ የሙቀት መለኪያቸው የመዘገበውን በግራፍ ሲያወጡ መስመሩ ወርዶ ወርዶ ወደ ላይ የሚታጠፍበትን ነጥብ ራሳቸው ያገኙታል። ለእኛ ከፎቶግራፉ ይልቅ ይህ ይበልጥብናል።

ነፋሱን በተመለከተ፣ ክረምትን ይተዉት። ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከእስያ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚነፍስ ኃይለኛ የአየር ጅረት በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ፣ ፊኛዎን ወደ ጌራና ወደ ከፋ ደኖች ሊወስደው ይችላል፤ ዝናቡና ደመናው ሲጨመርበት ደግሞ ፍለጋው ከንቱ ይሆናል። በበጋ ይህ ጅረት አይኖርም። ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ነፋስ ግን በ28 ወር ገደማ ዑደት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚገለባበጥ በመሆኑ፣ ያለፈው ዓመት ጉዞ ለዘንድሮው ማስረጃ አይሆንም። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠሩት ነጻ የጉዞ መተንበያ የአሜሪካንን የአየር ትንበያ ተጠቅሞ መውደቂያውን ይገምታል፤ በሳምንቱ ውስጥ በየቀኑ ይመልከቱት፤ ግምቱ «በለጠ» በሚባለው ደን ወይም በጊቤ ሸለቆ ላይ ካረፈ ቀኑን ያስተላልፉ። የምድር ነፋስ ጸጥ የሚልበትን የጠዋቱን 1 ሰዓት ቢመርጡ መሙላቱም ይቀልዎታል።

ሃይድሮጅንን ግን አንመክርም። በእርግጥ በጥቂቱ የተሻለ ያነሳል፤ ነገር ግን ከአየር ጋር ከ4 እስከ 75 በመቶ በሆነ መጠን ሲደባለቅ በትንሽ ብልጭታ ይቀጣጠላል፤ በልብስ ወይም በላቴክስ መፋተግ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ብቻውን ይበቃዋል። ራስ ሠራሽ ከሆነማ ይብሳል። ተማሪ በተሰበሰበበት ቦታ ይህን ለመሞከር የሚያበቃ ቁጠባ የለም። በ200 ባር ግፊት የተሞላ የ50 ሊትር ሲሊንደር 9 ሜትር ኩብ ያህል ሂሊየም ስለሚይዝ አንድ ሲሊንደር ይበቃዎታል።

ፈቃድን በሚመለከት፣ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ከ4 ኪሎ ግራም በታች ጭነት የያዘ ፊኛን በጥቅሉ «ቀላል» ከሚላቸው ይመድበዋል። ይህ ምድብ ግን ሳያሳውቁ ለመልቀቅ ፈቃድ አይደለም። ጅማ የመንገደኞች አውሮፕላን የሚያርፍባት ከተማ ናትና፣ በትምህርት ቤታችሁ ማኅተም ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን አስቀድማችሁ ጻፉ፤ የሬዲዮ ማሰራጫ የምትጠቀሙ ከሆነም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን። ለወረዳውና ለፖሊስ ማሳወቁ በወረቀት ላይ ባይጠየቅ እንኳ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚቀድም ነው።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከአጋሮ። አሮጌ ስልክ ሳጥኑ ውስጥ ከትተን ያለበትን ቦታ በኔትወርክ እንዲልክልን ማድረግ አንችልም? ደግሞስ 30 ኪሎ ሜትር እውነት ጠፈር ነው?

መልስ፦ ስልኩ ብቻውን አይበቃም። የሞባይል ማማዎች አንቴና የሚያነጣጥረው በምድር ላይ ወዳሉ ሰዎች ስለሆነ፣ ሳጥኑ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከወጣ በኋላ ኔትወርኩ ይጠፋል፤ ሸለቆ ውስጥ ከወደቀም ላይመለስ ይችላል። ስልኩ በተጠባባቂነት ይሂድ፤ ዋናው ግን ቦታውን በየጊዜው የሚያስተላልፍ ትንሽ የሬዲዮ ማሰራጫ ነው። የጂፒኤስ መቀበያ ስትገዙ ደግሞ አንድ ነገር አጣሩ፦ ለሚሳኤል እንዳይውሉ ተብሎ ብዙዎቹ ከ18 ኪሎ ሜትር በላይ ሥራ እንዲያቆሙ ተደርገው ይሠራሉ። ለከፍታ የሚስተካከል ዓይነት ያስፈልጋችኋል።

ጠፈር ነው ወይ ላልከው፣ አይደለም። የተለመደው ወሰን 100 ኪሎ ሜትር ነው። ቢሆንም በ30 ኪሎ ሜትር ላይ 99 በመቶ የሚሆነው አየር ከፊኛው በታች ስለሚቀር ሰማዩ በቀን ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ የምድርም ክብነት ይለያል። አድማሱ እስከ 620 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ፣ ከጅማ በላይ ላለ ካሜራ በሰሜን ጣና፣ በደቡብ ደግሞ ቱርካና ሐይቅ ከአድማሱ ወዲህ ናቸው፤ ጭጋጉ ከፈቀደ ማለት ነው። ሰፊ ሌንስ ክብነቱን አጋኖ እንደሚያሳይ ግን ልብ በል።

ጥያቄ፦ በሰቃ ጨቆርሳ የቡና ገበሬ ነኝ። የመምህሩን ሐሳብ ከልጄ ሰማሁ። እንዲህ ያለ ነገር ቡናዬ ላይ ቢወድቅ ምን ላድርግ?

መልስ፦ አባታችን፣ በመጀመሪያ ሳይነኩ ይመልከቱት። የተማሪዎች ከሆነ ነጭ ሳጥን፣ ጃንጥላና የተቀዳደደ ስስ ላስቲክ ያዩበታል፤ ማን እንደላከውና ስልክ ቁጥሩም ተጽፎበት መገኘት አለበት። ጽሑፍ ከሌለው ወይም ምንነቱ ካጠራጠረዎት አይክፈቱት፤ ልጆችን አርቀው ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ ያሳውቁ። ዛፍ ላይ ከተሰቀለ ቅርንጫፍ ለመቁረጥ አይቸኩሉ፤ ማውረዱ የላኪዎቹ ሥራ ነው፤ የተሰበረ ቡና ካለም ሊክሱዎት ይገባል።

ይህን ጥያቄ መምህሩም እንዲያነቡት እንፈልጋለን። በሳጥኑ ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ በማይለቅ ቀለም፣ «ጉዳት የለውም፤ የትምህርት መሣሪያ ነው» ብለው ከትምህርት ቤቱ ስምና ከሁለት ስልክ ቁጥሮች ጋር ይጻፉ። የቡና ለቀማ ወቅት ከበጋው ጋር ስለሚገጥም፣ ሳጥኑን መጀመሪያ የሚያገኘው ለቃሚ እንጂ ጂፒኤስ ላይሆን ይችላል።