ስለ ፌኖል ጠይቁኝ፦ ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው እዚሁ ሐዋሳ፣ ውሃ የሚመረመርበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ሰሞኑን የፌኖል ወሬ ስለበዛ ዛሬ ማታ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ከሁሉ በፊት ግን፦ ንጹሕ ፌኖልን በባዶ እጅ አትንኩ። ቆዳን ያቃጥላል፣ ያደነዝዛልም። ሕመሙ ሳይሰማችሁ ወደ ሰውነት ይገባል።

የታቦር ልጅ፦ ጋሼ፣ ፌኖል መርዝ ነው?

መልስ፦ የትኛው ፌኖል? ምን ያህሉ? ፌኖል የሚባል አንድ ውህድ አለ፤ ፌኖሎች የሚባሉት ግን ትልቅ ቤተሰብ ናቸው። ሁሉም የስድስት ካርቦን ቀለበት አላቸው፤ ቀለበቱ ላይ ኦኤች (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ) ተጣብቋል። ጦስኝን ያን ሽታ የሚሰጡት ቲሞልና ካርቫክሮል ፌኖሎች ናቸው። ፓራሲታሞልም ከዚያው ቤተሰብ ነው። ጥያቄህን ለይተህ አምጣው።

ሦስተኛ ዓመት፦ መምህር፣ በፋብሪካ እንዴት ነው የሚመረተው?

መልስ፦ በአብዛኛው በኩሚን መንገድ። ቤንዝን (የመኪናው ነዳጅ አይደለም) ከፕሮፒሊን ጋር ተዋህዶ ኩሚን ይሆናል። ኩሚኑ በአየር ኦክስጅን ፐርኦክሳይድ ይሆናል፤ ያ ደግሞ በአሲድ ሲሰነጠቅ ፌኖልና አሴቶን ይወጣል። ለ1 ቶን ፌኖል 0.6 ቶን ያህል አሴቶን አብሮ ይመጣል። መጀመሪያ የተገኘው ግን እ.ኤ.አ. በ1834 ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ ነው፤ ሩንገ የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት ነው ለይቶ ያወጣው። ሌላውን መጽሐፍህ ላይ ታገኘዋለህ።

ሚጡ፦ ቤት የማጸዳው በዴቶል ነው። በረኪና ብጨምርበት የበለጠ ጀርም አይገድልም?

መልስ፦ አትጨምሪ። ዴቶል ውስጥ የሚሠራው ክሎሮክሲሌኖል የሚባል ፌኖል ነው። በረኪና ከውሃ በቀር ከምንም ጋር አይቀላቀልም። ድመት ካለሽ ደግሞ ወለሉ ሳይደርቅ አታስገቢያት። የድመት ጉበት ፌኖልን እንደ ሰው ማስወገድ አይችልም።

ሐይቅ ዳር፦ ፌኖል ሐይቃችን ውስጥ ቢገባ ምን ያህል ይቆያል?

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ተራው ፌኖል ብዙ አይቆይም። እንደ ሱዶሞናስ ፑቲዳ ያሉ ባክቴሪያዎች ምግባቸው ያደርጉታል። መጀመሪያ ሁለተኛ ኦኤች ይጨምሩበትና ካቴኮል ይሆናል። ከዚያ ቀለበቱን ከፍተው ይሰብሩታል፤ መጨረሻው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ነው። ኦክስጅን ካለና መጠኑ ትንሽ ከሆነ በቀናት ውስጥ ያልቃል። መጠኑ ሲበዛ ግን የሚበሉትን ባክቴሪያዎች ራሱ ይገድላቸዋል። ማጣሪያ ጣቢያ ላይ በአንድ ጊዜ ብዙ ፌኖል ከለቀቃችሁ ጣቢያው ይሞታል፤ መልሶ እስኪያገግም ደግሞ ሌላው ቆሻሻም ሳይጣራ ያልፋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ተራው ፌኖል አይደለም፤ ኖኒልፌኖል ነው። በጨርቃ ጨርቅ እጥበት የሚገቡ አንዳንድ ሳሙናዎች ከእሱ የተሠሩ ናቸው። ባክቴሪያዎች የሳሙናውን ረጅም ጭራ ይበሉና ኖኒልፌኖሉን ይተዉታል። ያ ደግሞ ውሃ አይወድም፤ ጭቃ ላይ ይጣበቃል። ዓሣ ውስጥ ሲገባ የሴት ሆርሞን መስሎ ይሠራል። የእኛ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ጭቃው ውስጥ የተቀመጠ ነገር እዚያው ነው።

አቶቴ፦ አላልኳችሁም! ሁሉም ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ ፓርኩ እኮ ሲሠራ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተብሎ ነው የተሠራው። ሐይቁ ዳር መኪና የሚያጥበውን ለምን አታይም?

አቶቴ፦ ታዲያ ቆሮሶ ዓሣው ለምን አነሰ?

የፒያሳ ልጅ፦ በጠባብ መረብ ጫጩቱን እያወጡ ምን ይደግ? አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄደህ የሚሸጠውን መጠን እይ።

መልስ፦ የዓሣ ማስገሩን ክርክር ለሌላ ቀን አቆዩት። እኔ በእጄ ውጤት ሳልይዝ ማንንም አልከስም፤ ማንንም ነጻ አላወጣም።

ሐይቅ ዳር፦ ግን አንድ የምርመራ ወረቀት ላይ «ፌኖል አልተገኘም» የሚል አይቻለሁ። አያረጋጋም?

መልስ፦ በምን ዘዴ ተመርምሮ? ሁሌ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ! የተለመደው ዘዴ አራት-አሚኖአንቲፓይሪን በሚባል መድኃኒት ቀለም ማውጣት ነው። ውሃው መጀመሪያ ይነጠራል (ፈልቶ እንፋሎቱ ይሰበሰባል)። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 10 አካባቢ ይደረጋል። ከዚያ መድኃኒቱና ፖታሲየም ፌሪሲያናይድ ሲጨመሩ ፌኖል ካለ ቀይ ቀለም ይወጣል። ርካሽ ነው፣ ለተራው ፌኖልም ጥሩ ነው። አሁን ልብ በሉ። መድኃኒቱ የሚጣበቀው ቀለበቱ ላይ ከኦኤቹ ትይዩ ባለው ቦታ፣ ፓራ በምንለው ላይ ነው። ኖኒልፌኖል ላይ ባክቴሪያዎቹ ያልበሉት የራሱ የካርቦን ሰንሰለት የተቀመጠው በአብዛኛው እዚያው ነው። ቦታው ተይዟል፤ ስለዚህ ቀለም የለም። ናሙናው ኖኒልፌኖል እያለበት ወረቀቱ «አልተገኘም» ሊል ይችላል። እሱን ለማየት ውህዶችን አንድ በአንድ የሚለይ መሣሪያ፣ ጋዝ ክሮማቶግራፊ ከማስ ስፔክትሮሜትር ጋር፣ ያስፈልጋል። ወረቀቱ ውሸት አይደለም፤ የመለሰው ግን እናንተ የጠየቃችሁትን አይደለም።

የታቦር ልጅ፦ ስለዚህ ውሃው መርዝ አለው ወይስ የለውም?

መልስ፦ የትኛው ውሃ? የቧንቧ? የሐይቅ? የጉድጓድ? ቅድምም ይህንኑ ነው ያልኩህ። ለይተህ ጠይቅ።

ዶሮ እርባታ፦ የቧንቧ ውሃዬ አንዳንዴ መድኃኒት መድኃኒት ይላል።

መልስ፦ ትንሽ ፌኖል ከክሎሪን ጋር ሲገናኝ ክሎሮፌኖል ይሆናል። በሊትር ጥቂት ማይክሮግራም እንኳ ምላስ ይለየዋል። መጀመሪያ የጎማ ቱቦህን ነቅለህ ከቧንቧው በቀጥታ ቅመስ።

አናጢው፦ ለእንጨት ማቆያ ፔንታክሎሮፌኖል ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2015 በስቶክሆልም ስምምነት (በቶሎ የማይጠፉ መርዛማ ኬሚካሎችን በሚያግደው ዓለም አቀፍ ውል) ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። አሮጌ ቆርቆሮ ካገኘህ አትክፈተው።

ሦስተኛ ዓመት፦ መምህር፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ ከጥቁር ውሃ ናሙና ልወስድ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተው፤ መስታወት ያዝ። ጠርሙሱን በሳሙና ብቻ አጥበህ እንዳትሄድ፤ የምትፈልገው ነገር ሳሙናው ውስጥ ሊኖር ይችላል። በሜታኖል አለቅልቀው። ለተራው ፌኖል ናሙናውን በሰልፈሪክ አሲድ ፒኤቹን ከ2 በታች አውርደህ በ4 ዲግሪ አቆየው፤ ከ28 ቀን በላይ አታሳድረው። ከውሃው ጎን ለጎን ጭቃም ውሰድ። ማነጻጸሪያ (መጠኑ የታወቀ ናሙና) የምታዘጋጀው ከንጹሕ ፌኖል ስለሆነ ስስ የላስቲክ ጓንት አይበቃህም፤ ኒዮፕሪን ወይም ቡቲል ፈልግ። ከነካህ ልብስህን አውልቀህ ቢያንስ 15 ደቂቃ በብዙ ውሃ ታጠብ፤ ከዚያ ሳትውል ሳታድር ሐኪም ቤት ሂድ። ባይቆጠቁጥህም።