የኮሪያ ዘማች አያቴ ሜዳሊያዎች ለማን ይሁኑ?

ጤና ይስጥልኝ። ዐምና ያረፉት አያቴ በቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የዘመቱ ነበሩ። በብስኩት ጣሳ ውስጥ ሦስት ሜዳሊያዎች፣ አንድ ፎቶግራፍና የታጠፈ የምስክር ወረቀት ትተውልናል። ደርግ አያቴ ከተዋጓት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ ጣሳውን ጎተራ ውስጥ ደብቀውት እንደነበር ሴት አያቴ ይነግሩናል። አሁን አጎቶቼ «አንድ አንድ ይድረሰን» ይላሉ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ጥሩ ዋጋ የሚሰጥ ሰብሳቢ አግኝቻለሁ ይላል። እናቴ ደግሞ ስለጠቆሩ ለሙት ዓመቱ ልትወለውላቸው አስባለች። ስም አልተቀረጸባቸውም። ልቤ አንዱንም አልፈቀደም፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?
የዘማች የልጅ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

እህቴ፣ ልብሽ እውነቱን ነግሮሻል። አይከፋፈሉ፣ አይሸጡ፣ አይወልወሉም።

በመወልወሉ ልጀምር፤ አንዴ ከተደረገ አይመለስምና። ጥቁረቱ እድፍ አይደለም፤ ብረቱ ከአየር ጋር ቆይቶ ያበጀው ልባስ ነው። በሎሚና በአመድ ሲፈተግ ፊደሉና ምስሉም አብሮ ይሟሽሻል። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ማራገፍ ይበቃል። ሪባኑ ቢነትብም አትቀይሩት፤ ፀሐይም አያግኘው። ጣሳው ከዛገ እያንዳንዱን በነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ደረቅ ካርቶን ውስጥ አኑሩ። ፌስታል እርጥበት ስለሚቋጥር አይሆንም።

ሰማያዊና ነጭ ቀጫጭን መስመሮች ያሉት ሪባን ካለ፣ እሱ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ነው። ገልብጠሽ እዪው፤ ለእኛ ዘማቾች የተሠራው በአማርኛ የተጻፈበት ነው። ስም ስለሌለበት ግን ከወረቀቱና ከፎቶግራፉ ከተነጠለ በማን ደረት ላይ እንደነበረ የሚመሰክርለት አይኖርም። አጎቶችሽ ይህን ቢረዱ አንድ አንድ መውሰዱን የሚተዉት ይመስለኛል። ለእያንዳንዳቸው የሁሉንም ሜዳሊያዎች ፊትና ጀርባ፣ ከወረቀቱ ጋር ፎቶ አስነሥተሽ ስጫቸው። ወንድምሽም ቅርስ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ፈቃድ እንደሚጠይቅ ይወቅ፤ የቅርስ ባለሥልጣንን ሳይጠይቅ ሻንጣው ውስጥ እንዳይከት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ሴት አያትሽ በሕይወት አሉ። አጎቶችሽ ሳይሰበሰቡ በፊት ፎቶግራፉን ይዘሽ አጠገባቸው ተቀመጪና ድምፃቸውን ቅጂ። የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ቡሳን ገባ፤ ከዚያ ሌሎች ሻለቆች እየተተኩ ሄዱ። ባለቤታቸው በየትኛው ሄዱ? ከክብር ዘበኛ ነበሩ? ፎቶግራፉ ላይ አጠገባቸው የቆመው ማን ነው? ምን ይዘው ተመለሱ? ስለ ብርዱ ምን ያወሩ ነበር? የመለሱልሽን ሁሉ፣ ቀኑንና የተናጋሪዋን ስም ጨምረሽ ጻፊው። ከዚያ ወደ ኮሪያ ዘማቾች ማኅበር ሂጂ፤ አያትሽን በስም የሚያስታውስ አረጋዊ ልታገኚ ትችያለሽ፤ ይህ ዕድል ደግሞ በየዓመቱ እየጠበበ ነው። ከ120 በላይ ጓዶቹን ቀብሮ አንድም ምርኮኛ ያላስያዘ ጦር ታሪክ በየቤቱ ጣሳ ውስጥ ተቀምጦ ሲጠፋ ማየት ያንገበግበኛል።

ማስቀመጡን በተመለከተ፣ ሦስቱም ሜዳሊያዎች ከወረቀታቸው ጋር በአንድ ባለአደራ ቤት ይሁኑ። ባለአደራው እንደማይሸጥና እንደማያበድር፣ ከእሱ በኋላም ማን እንደሚረከብ በጽሑፍ ይስፈር፤ ሁሉም ይፈርሙበት። አጎቶችሽ እንቢ ካሉ የሚያከብሯቸው ሽማግሌዎች ይግቡበት። በእኔ አስተያየት ባለአደራዋ አንቺ መሆን አለብሽ፤ ይህንንም ሳታፍሪ በስብሰባው ላይ ጠይቂ።