ዊንዶውስ 98 በፔንቲየም ሦስት ላይ አልጫን ሲል፦ ለቀረበው ጥያቄ መልስ

ውድ ጠያቂ፣ የጻፉልንን ዝርዝር በጥሞና አንብቤዋለሁ። በአሮጌ የግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፉ የቤተሰብ ሰነዶችን ለመክፈት ብለው በፔንቲየም ሦስት ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ 98 ሰከንድ ኤዲሽንን ለመጫን ተነሥተዋል፤ የ80 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ገጥመዋል፣ ራሙንም ወደ 1 ጊጋባይት አሳድገዋል። ሰነዶቹ ያሉት ግን ከማሽኑ ጋር በመጣው በ6 ጊጋባይቱ ዲስክ ላይ ነው። ዲስክን የሚከፋፍለው ፕሮግራም ኤፍዲስክ አዲሱን ዲስክ 10 ጊጋባይት ገደማ አድርጎ አሳይቶዎታል፤ ጭነቱም ፋይሎቹን ገልብጦ ጨርሶ ሪስታርት ሲያደርግ በቂ ሜሞሪ የለም ብሎ ሁልጊዜ እዚያው ላይ ይቆማል። ሲዲው ተበላሽቶ ይሆን፣ ወይስ ሌላ ዲስክ ልግዛ ብለው ነው የጠየቁት። ሲዲውም ዲስኩም ጤነኛ ይመስሉኛል፤ ምንም ነገር አይግዙ።

ከሜሞሪው ልጀምር፣ ምክንያቱም ሥራውን ያስቆመው እሱ ነው። መልእክቱ ሜሞሪ አነሰ ቢልም እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ ራሙ ስለበዛ ነው የቆመው። ዊንዶውስ 98 ከዲስክ ያነበበውን ለጊዜው የሚያቆይበት ቪካሽ የተባለ ክፍል አለው፤ ይህ ክፍል የራሙን መጠን አይቶ ከሲስተሙ የአድራሻ ክልል ለራሱ ቦታ ይይዛል፣ ራሙም ከ512 ሜጋባይት ሲያልፍ የሚይዘው ቦታ እጅግ ስለሚሰፋ ለሌሎቹ ድራይቨሮች (የኮምፒውተሩን ዕቃዎች ለሚያሠሩት ፕሮግራሞች) የሚተርፍ አድራሻ ይጠፋል። የኤጂፒ ቪዲዮ ካርድ ካለዎት እሱም ከዚያው ክልል ስለሚወስድ ችግሩን ያባብሰዋል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ያለ እንከን ማለፉም አያስደንቅም፤ ከዶስ የተነሣው የጭነት ፕሮግራም በዚያ ሰዓት የሚሠራው በዊንዶውስ 3.1 ዓይነት ትንሽ ሲስተም ላይ ነውና፤ እውነተኛው ዊንዶውስ 98 ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነሣው ከሪስታርቱ በኋላ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ኮምፒውተሩን አጥፍተው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱንም ነቅለው፣ 256 ሜጋባይት ብቻ እስኪቀር ድረስ ራሞቹን አውጥተው ይጫኑ። የማይክሮሶፍት ዝቅተኛ መስፈርት 16 ሜጋባይት ስለነበር 256 ለዚህ ሲስተም ሰፊ ሜዳ ነው፤ የእኔ ምክር የወጣው ራም እንደወጣ ይቅር የሚል ነው። የግድ ልመልሰው ካሉ፣ ከመመለስዎ በፊት በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለውን ሲስተም ዶት አይኤንአይ (system.ini) የተባለ ፋይል በኖትፓድ ከፍተው ቪካሽ ([vcache]) በሚለው ርዕስ ሥር MaxFileCache=262144 የሚል መስመር ያስገቡ። ቁጥሩ በኪሎባይት የተሰላ 256 ሜጋባይት ነው። ይህን ካደረጉ በኋላም ቢሆን ከ512 ሜጋባይት በላይ እንዲገጥሙ አላበረታታም።

ወደ ዲስኩ ስንመጣ፣ ያዩት ቁጥር ራሱ መልሱን ይናገራል። 80 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠ ዲስክ በኮምፒውተር አቆጣጠር ወደ 76,293 ሜጋባይት ነው። ከሲዲው ጋር የመጣው ኤፍዲስክ ግን 65,536 ሜጋባይት ላይ ሲደርስ፣ የመኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ዘጠኞቹን ጨርሶ ወደ ዜሮ እንደሚዞረው፣ ከዜሮ ይጀምራል፤ ልዩነቱን ቢቀንሱ 10,757 ያገኛሉ፣ ያዩትም ይህንኑ ነው። ጥፋቱ የባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ቢሆን ኖሮ ምልክቱ ሌላ ይሆን ነበር፤ በዚያ ዘመን ማዘርቦርዶች ላይ የነበሩ ብዙ ባዮሶች ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆነ ዲስክ ሲያገኙ ገና ሲነሡ ደርቀው ይቀራሉ። ማይክሮሶፍት በኋላ የተስተካከለ ኤፍዲስክ አውጥቷል፤ እሱን አግኝተው በማስነሻ ፍሎፒው ላይ ባለው አሮጌ ፋይል ቦታ ከተኩት ሙሉውን ዲስክ መጠቀም ይችላሉ። እኔ ብሆን ግን ለዚህ አልደክምም፤ ዊንዶውስ 98 ራሱ ከግማሽ ጊጋባይት ያነሰ ቦታ ነው የሚወስደው፣ 10 ጊጋባይቱም ለሰነድ ሥራ ተርፎ ይፈስሳል። ኤፍዲስክ ሲከፈት የትላልቅ ዲስኮች ድጋፍ ይፈልጋሉ ወይ ብሎ ሲጠይቅዎ አዎ ማለትን ብቻ አይርሱ፤ አይ ካሉ በፋት 16 (በአሮጌው የዲስክ አደራደር) ስለሚሠራ ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) አይሰጥዎትም።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባበት ሌላ ቦታ የድራይቭ ፊደሎቹ ናቸው። የዊንዶውስ 98 ማስነሻ ፍሎፒ ሲነሣ በራም ላይ ትንሽ ጊዜያዊ ዲስክ ይፈጥራል። ዲስኩ ገና ካልተከፈለ ይህ ጊዜያዊ ዲስክ ሲ ይሆናል፣ ሲዲውም ዲ ይሆናል፤ ዲስኩን ከፍለው ሪስታርት ሲያደርጉ ግን ሲ ለሃርድ ዲስኩ ይሰጥና ሲዲው ወደ ኢ ይሸጋገራል። ትናንት ሲዲውን ያገኙበት ዲ ዛሬ ጥቂት ትንንሽ የጥገና ፕሮግራሞችን ብቻ ካሳየዎት ሲዲው ጠፋ ብለው አይደንግጡ፤ ኢ ላይ ይፈልጉት። ሲን ፎርማት ካደረጉ በኋላ ዊን 98 የሚለውን ፎልደር ከሲዲው ወደ ሲ ገልብጠው ጭነቱን ከዚያ ቢያስጀምሩ፣ በኋላ የፕሪንተር ወይም የድምፅ ድራይቨር ሲያስገቡ ሲዲ አምጡ የሚለው ጥያቄ አያስቸግርዎትም።

ይህን ሁሉ አድርገው አሁንም ከቆመ፣ የቆመበትን ቦታ ልብ ይበሉ። ሁልጊዜ እዚያው ላይ የሚቆም ከሆነ ከላይ እንዳየነው የገደብ ወይም የድራይቨር ጉዳይ ነው፤ አንዴ ፋይል ሲገለብጥ፣ ሌላ ጊዜ ድራይቨር ሲፈልግ በየቦታው የሚወድቅ ከሆነ ግን የቀረውን ራም ሜምቴስት በተባለው የራም መፈተሻ ፕሮግራም ይፈትሹት እላለሁ። ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነም የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ አልቋልና ሲአር 2032 የሚባለውን ይቀይሩ፤ ያለዚያ የባዮሱን ሴቲንግ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ሲያስተካክሉ ይኖራሉ።

ስለ ሰነዶቹ አንድ ነገር ልጨምር። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በ3.0 እትም ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ይታያል። ለማንበብና ለማተም ብቻ ከሆነ የፎንቱን ፋይል በአዲስ ኮምፒውተር ላይ መጫን ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ አሮጌው ሲስተም በእርግጥ የሚያስፈልገው በዚያው ሶፍትዌር ማረም ከፈለጉ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው የ6 ጊጋባይቱን ዲስክ አውጥተው፣ አይዲኢን (የአሮጌ ዲስኮችን የኬብል ዓይነት) ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር ማገናኛ ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር አያይዘው ሰነዶቹንም ፎንቶቹንም ይገልብጡ። ኤፍዲስክን በሚከፍቱበት ሰዓትም ያ ዲስክ ከኬብሉ ተነቅሎ ይቀመጥ፤ ኤፍዲስክ ሁለቱን ዲስኮች 1 እና 2 ብሎ በቁጥር ነው የሚያቀርባቸው፣ ውስጣቸው ምን እንዳለም አያሳይዎትም።