ቶንሲሌን በቀዶ ጥገና አስወጥቻለሁ፤ እስከ 9 ሰዓት ልጹም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ቶንሲሌን በቀዶ ጥገና ካስወጣሁ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ዐቢይ ጾም ስለሆነ እንደ ወትሮዬ እስከ 9 ሰዓት ውኃም ሳልቀምስ እቆያለሁ፤ መድኃኒቱንም ያኔ ነው የምውጠው። ሕመሙ ግን ከመጀመሪያው ቀን ብሶ ጆሮዬን ሳይቀር ይወጋኛል። ሐኪሙ አይስክሬም ብዪ ብሎኝ ነበር፣ በጾም እንዴት አድርጌ? እናቴ «ችለሽ ከጾምሽው ዋጋው እጥፍ ነው» ትለኛለች። እሑድም ልቆርብ አስቤ ነበር። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። መጀመሪያ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እየተጎነጨሽ ጠጪ። ከዚያ አንብቢ።

«ዋጋው እጥፍ ነው» የሚለው ንግግር የማይሰማበት ዐቢይ ጾም የለም። ስኳር ያለባቸውም፣ ነፍሰ ጡሮችም፣ ከሆስፒታል የወጡም ይሉታል። እናትሽ ክፉ አስበው አይደለም፣ ግን ልክ አይደለም። ጾም መብላት የሚችል ሰው ፈቅዶ ሲተው ነው፤ የሚገዛው ፈቃድን ነው። አንቺ ውኃ ስትከለከዪ የሚጎዳው ፈቃድሽ ሳይሆን ቁስልሽ ነው። ሐዋርያት በቀኖናቸው ዐርባውን ቀን፣ ረቡዕንና ዓርብን የማይጾመውን ሲገሥጹ እዚያው ላይ የሥጋ ደዌ ያገደውን ለይተው አውጥተውታል። ስለዚህ በሕመምሽ ጊዜ ሰዓት ባትጠብቂ ከሥርዓቱ አልወጣሽም፤ ሥርዓቱ ራሱ ያሰበልሽ ቦታ ነው። እንዲያውም ጾም ለለመደ ሰው «ዘንድሮ አልቻልኩም» ማለት ከመጾም ይከብዳል። ትሕትና ከፈለግሽ እዚያ ታገኚዋለሽ።

አሁን ስለ ቁስሉ። ቶንሲሉ የወጣበት ቦታ ብዙውን ጊዜ በስፌት አይዘጋም፤ ክፍት ሆኖ ነው የሚድነው። በመስታወት ብታዪው ነጭ ወይም ቢጫ ነገር ለብሷል፤ ይሸታልም። መግል አይደለም፤ የቁስሉ ቅርፊት ነው፤ በጣትም በጥጥም አትንኪው። ለአዋቂ ሰው ሕመሙ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ይከፋል፤ ጆሮሽን የሚወጋሽም ጆሮሽ ታሞ ሳይሆን የጉሮሮና የጆሮ ነርቭ አንድ ስለሆነ ነው። ጉሮሮሽ ሲደርቅ ቅርፊቱም ይደርቃል፣ መዋጥ ያምማል፣ ስለሚያምም አትጠጪም፣ ስለማትጠጪ ይብስ ይደርቃል። ቅርፊቱ የሚላቀቀው ከአምስተኛው እስከ ዐሥረኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ መድማት የሚፈራውም ያኔ ነው። አንቺ ነገ እዚያ ውስጥ ትገቢያለሽ።

ስለዚህ በቀን ቢያንስ 2 ሊትር ጠጪ፤ ነቅተሽ ባለሽበት ሁሉ በየሰዓቱ ከግማሽ ብርጭቆ በላይ ብትይ ይደርሳል። ሽንትሽ ከጠቆረ አልበቃሽም። ማስታገሻውን ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት፣ ሕመሙን ሳትጠብቂ ውሰጂ፤ ፓራሲታሞል ከሆነ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም አይለፍ። አስፕሪን ግን ደም ስለሚያቀጥን አትንኪ። ሌሊትም አንዴ ተነሥተሽ ጠጪ፤ አፍ ተከፍቶ ስለሚታደር ጠዋት ላይ የሚብሰው ለዚህ ነው። መድኃኒት መዋጥ ጾም ይሽራል ብለሽ አትጨነቂ። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል።

ስለ አይስክሬሙ፦ ሰዓቱን ተዪ ማለት የፍስክ ብዪ ማለት አይደለም፤ ሁለቱን ብዙ ሰው ያምታታል። ሐኪሙ የፈለገው ቅዝቃዜውንና ልስላሴውን ነው። የተጣራ ተልባ በቀዝቃዛ ውኃ፣ የሱፍ ውኃ፣ ቀዝቀዝ ያለ የአጃ አጥሚት፣ አቮካዶ፣ ሙዝ፣ በርበሬ ያልገባበት አልጫ ሽሮ በለሰለሰ ፍትፍት ያንኑ ይሠራሉ። ቆሎ፣ ደረቅ ዳቦ፣ ሚጥሚጣ፣ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ትኩስ ሻይና ጠላ ይቆዩ። ይህም አልወርድ ብሎሽ ሰውነትሽ ከደከመና ሐኪሙ ወተት ካለሽ፣ ለንስሐ አባትሽ ንገሪና እርሳቸው ያሉሽን አድርጊ።

ቁርባኑን ለሌላ ጊዜ አቆዪው። ለመቁረብ 18 ሰዓት ያለ ውኃ መቆየት አለብሽ፤ ይህ በዚህ ሳምንት አይሆንልሽም። ደግሞ የቆረበ ሰው አይተፋም፤ ከጉሮሮው ደም የመጣበት ሰው ግን መዋጥ የለበትም፣ መትፋት ነው ያለበት። ሁለቱን እንዴት ታስማሚያለሽ? ስግደቱንም ለሁለት ሳምንት ተዪ፤ ጎንበስ ቀና ማለትና ማማጥ በቁስሉ ላይ የደም ግፊት ያበዛል። ጸሎትሽን ተቀምጠሽ በልብሽ አድርሺ፤ መዝሙርም በጆሮሽ ብቻ።

ጠበል ብትጠጪ መልካም ነው፣ በዝግታ። አንዳንድ ቦታ እስኪያስመልስ ድረስ በብዛት የሚጠጣው ግን ላንቺ አይሆንም፤ ማስመለስ ቁስሉን ሊያደማው ይችላል። እምነቱንም ከውጭ አንገትሽን ተቀቢው እንጂ ወደ ጉሮሮሽ አታስገቢው። እንጥልሽም ሰሞኑን አብጦና ረዝሞ ሊታይ ይችላል፤ «እንጥሏ ወርዷል፣ ይቆረጥ» የሚል ቢመጣ እሺ እንዳትዪ። እብጠቱ በቀናት ውስጥ በራሱ ይጎድላል።

ቀይ ደም ከመጣ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፣ ወደ ፊት አዘንብዪና ትፊው፤ በበረዶ ውኃ ተጉመጥመጪ። አንዴ ብቻ መጥቶ ቢቆምም ለሐኪምሽ ደውዪ። ካልቆመ ወይም የረጋ ደም ከወጣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። «ጠዋት ቅዳሴ ልስማና» አይባልም። መጠጣት ፈጽሞ ካቃተሽ ወይም ትኩሳትሽ ከ38.5 ካለፈም እንደዚሁ።

ሁለት ሳምንት ሲሞላሽና ሐኪምሽ ሲያይሽ፣ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተመካክረሽ መጀመሪያ እስከ 6 ሰዓት፣ ከቻልሽም እስከ 9 ሰዓት እያልሽ ተመለሺ። ያለፈውን ቀን ቆጥረሽ ከፋሲካ በኋላ እከፍላለሁ እንዳትዪ፤ በበዓለ ሃምሳ ጾምም ስግደትም የለም።