ፍየል ለማየት ብር ከፍለን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ግማሾቹ ስለ እሁድ ናቸው። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ስለሆነ ይመስለኛል። ረጅሙን አስቀድሜዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ9፣ የ5 እና የ2 ዓመት ልጆች አሉኝ። የምንኖረው አያት ነው። ባለቤቴ እሁድ ከከተማ ወጣ ብላ ወዳለች ትንሽ መናፈሻ ልውሰዳችሁ ብሎናል። እንስሳትም የልጆች መጫወቻም አላት። አማቴም ከደብረ ብርሃን መጥተው እኛ ጋ ስላሉ እሳቸውንም እንይዛለን። ችግሩ ባለፈው እንዲህ ያለ ቦታ ሄደን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ብሩ አለቀ፣ ትልቁ አኮረፈ፣ መካከለኛዋ ፍየል ፈርታ አለቀሰች፣ እኔና ባለቤቴም ሳንነጋገር ተመለስን። አሁንስ እንዴት ብናደርገው ይሻላል? (የሦስት ልጆች እናት፣ ከአያት)

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ፣ ሳንነጋገር ተመለስን ያልሽው እኛም ቤት ደርሷል።

ከሁሉ በፊት በር ላይ ጠይቂ። ትኬቱ እንስሳቱን ለማየት ብቻ ነው ወይስ መጫወቻውንም ይጨምራል? ትንንሾቹ ቦታዎች ብዙ ጊዜ መግቢያቸው አይከብድም፣ ውስጥ ግን ለእያንዳንዱ ጨዋታ ለየብቻ ያስከፍላሉ። አንድ ዙር ስንት ብር እንደሆነና ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ሳትሰሚ ልጅ አታስቀምጪ። እኔ የእህቴን ልጅ ትንሿ ባቡር ላይ አስቀምጬ ስድስት ጊዜ ከፍያለሁ። አልወርድም አለ። ባቡሩ እኮ አንዲት ዛፍ ነው የሚዞረው፣ እሱ ግን ድሬዳዋ የደረሰ ነው የመሰለው።

ለትልቁ ቤት ሳላችሁ ብሩን በእጁ ስጪው። «ይሄ የአንተ ነው፣ ካለቀ አለቀ» በይው። የ9 ዓመት ልጅ ብሩ የራሱ ሲሆን እንዴት እንደሚቆጥብ ብታዪ ትገረሚያለሽ። የሚጋጩት መኪኖች ጋ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ አይቶ ነው አንዴ የሚገባው።

በጠዋት ሂዱ። 3 ሰዓት ላይ በሩ ጋ ብትሆኑ ጥሩ ነው። እንስሳት ጠዋት ይበላሉ፣ ይንቀሳቀሳሉ፤ ፀሐይ ሲበረታ ጥላ ፈልገው ይተኛሉ፣ ልጆቹም የሰጎን ጀርባ አይተው ይመለሳሉ። ደግሞ የእኛ አየር ያታልላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በአማካይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ስለዚህ ነፋሱ ቀዝቀዝ እያለሽም ፀሐዩ ያቃጥላል። ኮፍያ ያዙ። መጀመሪያ እንስሳቱን፣ ከዚያ መጫወቻውን። ዥዋዥዌና ሸርተቴ ያየ ልጅ ወደ ፍየል አይመለስም።

አሁን ስለ አማትሽ። የኔም እናት የገጠር ሰው ናት። አንድ እሁድ ወስደናት በር ላይ ዋጋውን ስትሰማ «ፍየል ለማየት ብር ከፍለን?» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች። እውነቷን ነው፣ ዕድሜዋን ሙሉ ፍየል ያየችው በነጻ ነው። ከገባን በኋላ ግን ቀኑን ያሳመረችልን እሷ ናት። አህያዋ ጋ ስትደርስ ምንም ሳትል እግሯን አየች። ሰኮናዋ አድጎ እንደ አሮጌ ጫማ አፍንጫ ወደ ላይ ተቆልምሟል። ጠባቂውን ጠራችውና «አንተ ልጄ፣ ይቺ እንዴት ብላ ትራመዳለች? ሰኮናዋ ይከርከምላት እንጂ» አለችው። ልጁ አፈረ፣ ለሳምንት የሚመጣ ሐኪም አለ ምናምን አለ። እሷ ግን አልለቀቀችውም። ልጆቹ ከበዋት ሰኮና እንደ ጥፍር እንደሚያድግ፣ ድንጋይ መንገድ ላይ ስትጫን የምትውል አህያ ደግሞ እየተፋቀላት ያን ያህል እንደማይረዝምባት ሰሙ። እኔ ራሴ ይሄን አላውቅም ነበር፣ አህያ በየቀኑ በደጃችን ያልፋል። ስለዚህ አማትሽን ቦርሳ ጠባቂ አድርገሽ ወንበር ላይ አታስቀምጫቸው። ከፊት ይሂዱ።

መካከለኛዋን «አይነክስም፣ ንኪው» አትበያት። «አይነክስም» ሲባል ልጅ ጆሮ ውስጥ የሚቀረው መንከሱ ነው። ራቅ ብላችሁ ቁሙና አያቷ መኖ ሲሰጡ ትይ። መዳፍ ዘርግቶ፣ አውራ ጣትን ሰብስቦ ነው የሚሰጠው፣ አለበለዚያ ጣት ከሳሩ ጋር ይሄዳል። ፈረስ ካለ ከኋላው አትለፉ። ዓይኑ በጎንና ጎን ስለሆነ በቀጥታ ከኋላው ያለውን አያይም፣ ሲደነግጥ ይራገጣል። መኖውን ከጠባቂው ውሰዱ እንጂ ከቤት ዳቦ ወይም የተረፈ እንጀራ አትውሰዱ። ፍየል ያገኘችውን ትበላለች፣ ዳቦ ሲበዛባት ግን ሆዷ ይነፋል፤ በዚያ ላይ እሁድ ስንት ሰው ነው «ትንሽ ነው» ብሎ የሚሰጣት። ልጅሽ ቀኑን ሙሉ ካልቀረበችም ተያት። ከሩቅ ብታይም አይታለች።

ከነካካችሁ በኋላ ምግብ ከመቅረቡ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ። የ2 ዓመቱ እጁ አፉ ውስጥ ነው የሚያድረው፣ በተለይ ኤሊ ከነካ እንዳትረሺ። ኤሊ ጤነኛ መስሎ የሆድ በሽታ የሚያመጣ ሳልሞኔላ የሚባል ጀርም ይይዛል። እዚያ ሳሙና አለ ብለሽ አትመኚ፣ ከቤት ያዢ።

መጫወቻው ላይ አንድ ሁለት ነገር። ቀበቶውን የሚያጫውተው ልጅ ቢያስርም አንቺ ሳቢና ሞክሪው። በሚሽከረከር ነገር ላይ ነጠላ፣ ስካርፍ፣ ተንጠልጣይ ገመድ ያለው ኮፍያ አይያዝ፣ ብረቱ ይጠመጥመዋል። ጃምፒንግ ላይ የ9 ዓመቱና የ2 ዓመቱ አብረው አይግቡ፣ ትልቁ ሲዘል ትንሹ ይበራል። ደግሞ ጄኔሬተር እንዳላቸው ጠይቂ! የእህቴ ልጅ ትልቁ ጎማ ጫፍ ላይ እንደደረሰ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር የለም። የሚያጫውተው ልጅ እጅጌውን ሰብስቦ ጎማውን በእጁ እየገፋ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ሲያወርድ፣ እኔ ከታች እመቤቴን እየጠራሁ፣ እሱ ከላይ ሆኖ «አክስቴ፣ ቤታችን ይታያል!» ይላል። ቤታችን ጎፋ ነው፣ አይታይም።

ምሳ ቋጥሩ። በቃ፣ እዚህ ላይ ብዙ አልልም። ፍርፍርና የተቀቀለ ድንች ቀዝቅዞም ይበላል።

ጥያቄ፦ አንድ ቦታ ጦጣ በሰንሰለት አስረው ልጆች ትከሻ ላይ እያስቀመጡ ፎቶ ያነሳሉ። ልጄ ለምኖኝ እምቢ አልኩት፣ ሚስቴ ደግሞ «ሁሉም እየተነሳ ነው፣ አታካብድ» አለችኝ። አካብጃለሁ? (ከለቡ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አላካበድክም። ጦጣ ጥርሱን ሲያሳይ ሰው የሳቀ ይመስለዋል፣ እሱ ግን ወይ ፈርቷል ወይ እየዛተ ነው። ቀኑን ሙሉ ከትከሻ ትከሻ ሲዞር የዋለ ደግሞ አንዱ ላይ ይጨርሰዋል። የእብድ ውሻ በሽታ የምንለው ስሙ ነው እንጂ ከውሻ ብቻ አይደለም የሚመጣው፣ ጦጣም ድመትም ያስተላልፋል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፣ ቶሎ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል። ስለዚህ ንክሻም ይሁን ጭረት ካጋጠመ ወዲያው ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ። ፌጦ አይደረግበት፣ ነገ ይታያል አይባል።

ልጅህ ጦጣ ማየት ከፈለገ ከሰበታ በላይ ወዳለው መናገሻ ሱባ ጫካ ውሰደው። የጫካው የጽድ ዛፍ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ጫካ በመጣ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። ጉሬዛው ነጭ ጭራውን አንጠልጥሎ ከዛፍ ዛፍ ሲወረወር፣ ዕድል ከቀናችሁ የምኒልክ ድኩላም ብቅ ሲል፣ ያኔ ሚስትህም ፎቶ ታነሳለች። ወደ ሆለታ በኩል ደግሞ ቦርን ፍሪ የሚባለው ድርጅት «እንስሳ ኮቴ» የተባለ ማዕከል አለው፤ እዚያ ያሉት አንበሶችና አቦሸማኔዎች ከሕገወጥ ንግድና ከሰው ግቢ እስር የተረፉ ናቸው። ዝም ብላችሁ ተነስታችሁ ግን አትሂዱ፣ አስቀድማችሁ ደውሉ።

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄ «የእኛ አንበሳ ለምን ጥቁር ነው?» እያለ ያደርቀኛል። ምን ልበለው? (ከኮተቤ)

መልስ፦ ጥቁሩ ጎፈሩ ነው በይው፣ ሌላው ገላው እንደማንኛውም አንበሳ ነው። የአዲስ አበባዎቹ ጎፈራቸው አንገት ላይ አያልቅም፣ ደረታቸውን አልፎ ወደ ሆዳቸው ይወርዳል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ከነበሩት የ15ቱን ዘረመል መርምሮ ከሌሎች አንበሶች የተለዩ ሆነው አግኝቷቸዋል። የግቢው አንበሶች ከጃንሆይ አንበሶች የመጡ ናቸው፣ ግቢውም በ1940ዎቹ ነው የተጀመረው። አሁን ከልጅሽ ጋር ለማየት አንድነት ፓርክ ይሻላል፤ ቦታው ሰፋ ያለ ነው፣ ባለ ጥቁር ጎፈሮቹም እዚያ አሉ። ቅዳሜና እሁድ ሰልፍ አለ፣ በሥራ ቀን ፈቃድ ከቻልሽ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ መኪና የለንም። ዳር ላይ ወዳሉት መናፈሻዎች በታክሲ ሄደን ማታ እንዴት እንመለስ? (ከሳሪስ)

መልስ፦ መሄዱ ቀላል ነው፣ ሚኒባስ ይዛችሁ መጨረሻው ላይ ወርዳችሁ ወይ በእግር ወይ በባጃጅ ትገባላችሁ። መመለሱ ነው ጣጣው። ከ11 ሰዓት በኋላ ከዳር ወደ መሀል የሚመጣ ታክሲ ይሳሳል፣ የቀሩት ደግሞ የተኛ ልጅ ተሸክማችሁ ሲያዩ «ኮንትራት ነው» ይላሉ። ስለዚህ ወይ በ10 ሰዓት ተነሱ፣ ወይ ጠዋት ያደረሳችሁን ሹፌር ዋጋውን ተነጋግራችሁ ስልኩን ተቀበሉት። እኔ ሁለተኛውን ነው የማደርገው። ልጆቹ በጭቃና በጁስ ተለውሰው ነው የሚመለሱት፣ ወንበሩ ላይ የሚነጠፍ አሮጌ ጋቢ ካልያዛችሁ ሹፌሩ በሚቀጥለው ጊዜ ስልክ አያነሳላችሁም።