ተራራውን ማን ስም አወጣለት?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ስለ ተራሮች ስያሜ ናቸው። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ኤቨረስት ስሙን ያገኘው ቀድሞ ካየው ሰው ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጆርጅ ኤቨረስት የህንድ ቅየሳ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡትም በ1843 ነው። ተራራው በቀያሾች መዝገብ ላይ «ጫፍ 15» ከመባል ሌላ ስም አልነበረውም። ከሩቅ የተለኩትን ማዕዘኖች አስልተው ከሌሎቹ ሁሉ እንደሚበልጥ የደረሱበት ህንዳዊው የሂሳብ ሊቅ ራድሃናት ሲክዳር ናቸው። በ1856 ተተኪው ኃላፊ አንድሪው ዎ የአገሬው ስም አልተገኘለትም ብለው በቀድሞ አለቃቸው ስም እንዲጠራ ሐሳብ አቀረቡ። በዚያ ዘመን ኔፓልና ቲቤት ለባዕድ ዝግ ስለነበሩ ጠጋ ብሎ መጠየቅ አይቻልም ነበር። ቢሆንም ምክንያቱ አያሳምነኝም፤ ቾሞሎንግማ የሚለው የቲቤታውያን ስም እኮ በ1733 ፓሪስ በታተመ ካርታ ላይ ሰፍሯል! ኤቨረስት ራሳቸውም ስሜ በሂንዲ አይጻፍም፣ ለአገሬው ሰው አንደበትም አይመችም ሲሉ ተቃውመዋል። የሰማቸው የለም፤ የለንደኑ የጂኦግራፊ ማኅበር በ1865 ስሙን አጸደቀው።

ጥያቄ፦ ኬ2 ለምን በቁጥር ቀረ?

መልስ፦ ቀያሹ ቶማስ ሞንትጎመሪ በ1856 ካራኮራም የተባለውን፣ በፓኪስታንና በቻይና ድንበር ያለውን የተራራ ሰንሰለት ጫፎች ከሩቅ እያዩ ኬ1፣ ኬ2 እያሉ መዘገቧቸው። ኬ1 ማሸርብሩም የሚባል የአገር ስም ስለነበረው ወደዚያው ተመለሰ። ኬ2 ግን ከመንደሮች ርቆ የተደበቀ በመሆኑ ቁጥሩ ስም ሆኖ ጸና።

ጥያቄ፦ የኪሊማንጃሮ ጫፍ ኡሁሩ የተባለው መቼ ነው?

መልስ፦ በ1961፣ ታንጋኒካ (የዛሬዋ ታንዛኒያ ዋናው ምድር) ነፃ ስትወጣ። በ1889 የወጡት ጀርመናዊው ሃንስ ማየር በንጉሣቸው በቄሣር ዊልሄልም ስም ሰይመውት ነበር። ኡሁሩ በስዋሂሊ «ነፃነት» ነው።

ጥያቄ፦ አሳሾች ሁሉ ተራሮችን በራሳቸው ሰዎች ስም ይጠሩ ነበር?

መልስ፦ የኬንያን ተራራ በ1899 የወጡት ሃልፎርድ ማኪንደር ሦስቱን ጫፎች በማሳይ መንፈሳዊ መሪዎች ስም ጠሯቸው። ባቲያን ከዝነኛው ምባቲያን፣ ኔሊዮን ከወንድማቸው፣ ሌናና ከልጃቸው ስም የተወሰዱ ናቸው። ይህን በጎ ሥራ እለዋለሁ፤ ምንም እንኳ በተራራው ግርጌ የሚኖሩት ኪኩዩዎች ተራራውን ኪሪንያጋ ቢሉትም። ልትወጡ ካሰባችሁ፣ ባቲያንና ኔሊዮን ገመድና የዓለት አወጣጥ ልምድ ይጠይቃሉ፤ 4,985 ሜትር የሆነው ሌናና ግን በእግር ይደረስበታል።