ከጦጣ ጀምሩ

ልጆቼ፣ ባዮሎጂ የተማራችሁ አንዳንዶቻችሁ "ጋሼ፣ የዱር እንስሳት ተመራማሪ መሆን እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?" ትሉኛላችሁ። መልሱን ግን ራሳችሁ ይዛችሁት ነው የምትመጡት። ሰሜን ተራሮች፣ ጭላዳ፣ ዋልያ። የጎንደር ልጅ ሌላ ምን ያስባል! እኔ ከጦጣ ጀምሩ እላለሁ።

ጭላዳ ለማየት ደባርቅ ድረስ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ትጓዛላችሁ። የመኪና ክፍያ አለ፣ የመግቢያ አለ፣ አብሯችሁ ለሚሄደው የፓርክ ጠባቂ፣ ለስካውቱ አለ። አንዴ ሄዳችሁ ፎቶ አንስታችሁ ትመለሳላችሁ። ጥናት ደግሞ መመላለስ ይፈልጋል። ጦጣ ወንዝ ዳር ካለ ሾላ፣ ከየደብሩ ደን አትጠፋም። ከጥቅጥቁ ደን ይልቅ ጠርዙን ትወዳለች። የምትተኛበት ዛፍና የምትጠጣው ውሃ ካለ ትኖራለች። በቆሎ ቅርብ ከሆነማ እሰየው ነው። "ጦጣ ባለቤቱን ታስወጣ" ይባል የለ? የደኑን ነገር ስናስብ ግን ማን ማንን እንዳስወጣ ያከራክራል።

የስዊድኑ ተመራማሪ ሊኒየስ ሳይንሳዊ ስም ያወጣላት እ.ኤ.አ. በ1758 ነው። ፊቷ ጥቁር ነው፤ ግንባሯ ላይ ነጭ መስመር፣ ጉንጯ ላይ ረዘም ያለ ነጭ ጠጉር አላት። የወንዱ ቆለጥ ሰማያዊ ነው። አትሳቁ፤ ከሩቅ ወንዱን ከሴቷ የምትለዩት በዚያ ነው።

ብዙ ሰው መንጋው የአውራው ይመስለዋል። አውራውን ተዉትና ሴቶቹን እዩ። ሴት ጦጣ በተወለደችበት መንጋ ትኖራለች፤ ማዕረጓንም ከእናቷ ትወርሳለች። ወንዱ ሲጎረምስ ጥሎ ይሄዳል፣ ሌላ መንጋ ይገባል። ስለዚህ የመንጋው አጥንት እናት፣ ሴት ልጅና አያት ናቸው። ግልገል ሲወለድ ኮረዶቹ ልያዝ፣ ልያዝ ይላሉ፤ ከእናቱ ተቀብለው ሲያዝሉት ታያላችሁ።

እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚተዋወቁ የታየው ኬንያ፣ አምቦሴሊ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። እዚያ ያሉት የእኛዋ ጦጣ የቅርብ ዘመድ ናቸው። ዶረቲ ቼኒና ሮበርት ሳይፋርዝ የተባሉ ተመራማሪዎች የአንድ ግልገል ጩኸት ቀዱ። ድምጽ ማጉያ ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቀው አሰሙ። እናቲቱ ድምጹ ወደመጣበት ዞረች። ሌሎቹ ሴቶች ግን እናቲቱን አዩ! የጎረቤት ልጅ ሲያለቅስ እኛም እናቱን ፈልገን እንደምናየው ማለት ነው። ጩኸቱ የማን እንደሆነ፣ ያ ግልገል የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃሉ። ሥራው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በዚያው ዓመት ስለ ነብር፣ ስለ ንስርና ስለ እባብ የሚያሰሙት ማስጠንቀቂያ እንደሚለያይም አሳዩ። ለነብሩ ዛፍ ላይ ይወጣሉ፣ ለንስሩ ሽቅብ ያያሉ፣ ለእባቡ በሁለት እግራቸው ቆመው ሳሩን ይቃኛሉ። ሁሉም የሚያወራው ስለዚህ ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን የእናቶቹ ነው።

እነሱ ይህን ያህል የሚተዋወቁ ከሆነ እናንተም ማን ማን እንደሆነ ሳትለዩ አንድ መስመር አትጻፉ። የተቀደደ ጆሮ፣ የተቆረጠ ጅራት፣ የጣት ጉድለት ፈልጉ። ስም ስጡ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ ያስመርራል። ታገሱ።

ቀጥሎ ያለው ይበልጥ ይከብዳል። ዓይን ግርግር ይወዳል። የጀማሪ ደብተር በጠብ ይሞላል፣ ያነበበ ሁሉ ጦጣ ቀኑን ሙሉ ስትደባደብ የምትውል ይመስለዋል። እውነቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሲበሉ፣ ቁጭ ሲሉ፣ ሲቀማመሉ ነው የሚውሉት። የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪዋ ጂን አልትማን እ.ኤ.አ. በ1974 ለዚህ መላ ጻፈች፤ ዛሬም በእሱ ነው የሚሠራው። ማንን እንደምታዩ አስቀድማችሁ ወስኑ። ተራው የጆሮ ቆራጣዋ ከሆነ ለ10 ደቂቃ እሷን ብቻ እዩ። ከጀርባችሁ ጦርነት ቢነሳ እንኳ አትዙሩ። እሷ ተኝታ ከሆነ "ተኝታለች" ብላችሁ ጻፉ። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ነው የሚሰለቸው፤ ለቲክቶክም አይሆንም።

መቀማመሉን አትናቁት። እዚያው አምቦሴሊ እንደታየው፣ ዘመድ ያልሆነች ጦጣ ቀደም ብላ ቀምላት ከነበረ፣ የተቀመለችው የዚያችን የእርዳታ ጥሪ ስትሰማ ይበልጥ ትኩረት ትሰጣለች። "እከክልኝ ልከክልህ" ስንል ለስድብ ነው፤ ጦጣ ግን የምትኖርበት ነው።

ሙዝ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ምግብ ከሰው እጅ የለመደች ጦጣ የምታሳያችሁ የለመደችውን ነው፤ በዚያ ላይ ትነክሳለች። ከነከሰቻችሁ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡና በቀጥታ ጤና ተቋም ሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ጠበሉ የትም አይሄድም፣ ከክትባቱ በኋላ ይደረስበታል።